ደረጃው አምስት ነው

በደርግ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ሰው በጠራራ ፀሐይ በብርድ የሚንቀጠቀጥበት ክፍል አንድ ብቻ ነበር። እኔ የተቀጠርኩት እዚያ ነው። ድርጅቱ ለጭነት መኪናዎች መለዋወጫ የሚያከፋፍል የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ስሙ ከአንድ መስመር ይረዝም ስለነበር ብረሳው አይፈረድብኝም። ይህ ድርጅት ከውጭ ኮምፒዩተር አስመጣ። ቁም ሣጥን የሚያህል ዋና ማሽን፣ ከእሱ ጋር በሽቦ የተያያዙ አራት ስክሪኖች፣ እንደ መትረየስ የሚንጣጣ አንድ ማተሚያ። ማሽኑ ሙቀት አይወድም ስለተባለ ክፍሉ ኤር ኮንዲሽነር ተገጠመለት። ሠራተኛው ሙቀት ይወድ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በድርጅቱ ውስጥ ለቴክኖሎጂ ያለው ፍቅር ባንዴ ናረ። በተለይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ደጅ ያለው አስፋልት መለስለስ ሲጀምር፣ ከአስተዳደርም ከጥበቃም ከግዢም «አሠራሩን ለመረዳት» የማይመጣ የለም። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጥልቀት ይረዱ ነበር።

አለቃዬ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ ሰው ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ በካርድ ሲመዘግቡ የኖሩ፣ የትኛው ብሎን በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። መንግሥት ይህን ዕውቀታቸውን አይቶ፣ ኮምፒዩተር ሲመጣ ያን ዕውቀት የማያስፈልግ የሚያደርግ ትምህርት እንዲማሩ ስድስት ወር ወደ አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ላካቸው። ሲመለሱ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ ጥቁር የሱፍ ካፖርት ይዘው መጡ። ለድሬዳዋ! የከዚራ ሰፈር ሰው ስንት ጊዜ እንደሳቀባቸው እንጃ። የኛ ክፍል ሲሠራ ግን ካፖርቱ ሥራ አገኘ። በየጠዋቱ ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ አንስተው ይለብሱትና፣ በከተማው ብቸኛው ክረምት ውስጥ ይቀመጣሉ።

የእኔ ሥራ፣ ከሌላው ሌላ፣ በየሰኞው የማሽኑን የመዝገብ ደረጃ ማየት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ስለራሱ ይጽፋል፤ ምን እንደተበላሸበት፣ ምን እንዳቃተው። ምን ያህል እንደሚጽፍ ደግሞ ከዜሮ እስከ አምስት ባለ ቁጥር ይወሰናል። ዜሮ ከሆነ ዝም ይላል። አንድ ከሆነ የሚናገረው ሲሞት ብቻ ነው። ሁለት ላይ ሕመም ሲጀምረውም ያስጠነቅቃል። አምስት ላይ ግን የተነፈሰውን ሁሉ ይጽፋል። እኔ በቁልፍ ሰሌዳው አጭር ትእዛዝ እጽፋለሁ፤ ስክሪኑ ላይ አራት መስመር ይወጣል። ዲስክ፣ ቴፕ፣ ስክሪኖች፣ ማተሚያ፤ ከየአንዳንዱ ጎን ቁጥሩ። ማሽኑን የተከለው ባለሙያ ሁሉንም ሁለት ላይ አድርጎ፣ «ይበቃል፣ አትንኩት» ብሎን ነበር የሄደው። እኔም ሰኞ ሰኞ ሁለት መሆኑን አይቼ ደብተሬ ላይ «ሁለት» ብዬ እጽፋለሁ። ለዚህ ነበር አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩት።

አንድ ሰኞ የድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ከጀርባዬ ቆሞ አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ የካኪ ሳፋሪ ለባሽ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው ነበር። እሱም እንደሌላው ለቅዝቃዜው ነበር የመጣው፤ ነገር ግን ሥልጣኑ ዓይን መጨፈንን ስለማይፈቅድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው፣ ጓዲት?»

«ማሽኑ ስለራሱ ምን ያህል እንደሚናገር ነው የሚያሳየው።»

«ስለራሱ?»

«አዎ ጓድ። ሲሳሳት ይጽፋል። አንድ ነገር ሲያቅተውም ያስጠነቅቃል።»

«ግለ ሂስ ያደርጋል ማለት ነው!» አለ ፊቱ በርቶ። ጋሼ ካፖርታቸው ውስጥ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁለት ከስንት ነው?» አለኝ ኃላፊው ቀጥሎ።

«ከአምስት።»

የፊቱ ብርሃን ጠፋ። «ከአምስት ሁለት? የቀረውን ሦስት የሚደብቀው ከማን ነው?»

«አይደብቅም ጓድ» አሉ ጋሼ። «የማያስፈልገውን ነው የማይናገረው።»

«የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን የሚወስነው ታዲያ ማን ሆነና? ማሽኑ?»

ለዚህ መልስ የነበረው ሰው በዚያ ዘመን አፉን የሚከፍት አልነበረም።

«አምስት ይደረግ» አለ። «ሁሉም።»

ጋሼ እኔን አዩኝ፣ እኔ እሳቸውን አየሁ። ከዚያ ወንበሬን በእጃቸው ጠቁመው አስነሱኝና ራሳቸው ተቀመጡ። በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል እየፈለጉ፣ አራት ጊዜ አምስት ጻፉ።

ማሽኑ መናገር ጀመረ። «ፋይል ከፈትኩ። ፋይል አነበብኩ። ፋይል ዘጋሁ።» ይህን ሁሉ ማተሚያው እየተንጣጣ ወረቀት ላይ ያወርደዋል። ችግሩ ማተሚያውም ደረጃው አምስት መሆኑ ነበር። አንድ መስመር ባተመ ቁጥር «አንድ መስመር አተምኩ» ብሎ መጻፍ አለበት፤ እሱን ሲያትም ደግሞ ያንንም ማተሙን መጻፍ አለበት። በየሳምንቱ የምንሰበሰበው ስብሰባ ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በማጽደቅ ጀምሮ የሚቀጥለውን ስብሰባ በመወሰን የሚያልቅ ስለነበር፣ ለእኛ ለሠራተኞቹ ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አልሆነብንም። ለሾፌሮቹ ግን እንግዳ ነበር። ድሮ አንድ ሾፌር የዘይት ፊልትሮ ቢጠይቀኝ መደርደሪያውን በደቂቃ እነግረዋለሁ። አሁን ጠዋት ጠይቆ እስከ ምሳ ሰዓት ይጠብቃል፤ ማሽኑ ለሾፌሩ ከመመለሱ በፊት ስለራሱ የሚለው ብዙ ነበረውና።

የፖለቲካ ኃላፊው መጥቶ ወለሉ ላይ የተከመረውን ወረቀት ሲያይ ደስታው ልክ አልነበረውም። ጫፉን አንስቶ እንደ ባንዲራ ዘረጋው። «አያችሁ? ስንት ነገር አፍኖ ይዞ ነበር!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃውን በየሰኞው ሳይሆን በየቀኑ እንዳይ፣ አምስት መሆኑንም በደብዳቤ፣ በሦስት ቅጂ፣ በፊርማዬ እንዳረጋግጥ ታዘዝኩ።

ወረቀቱ ጉልበት ድረስ ሲደርስ ክፍሉን ለምታጸዳው ሴትዮ «አዴ፣ በፈጠረሽ አውጪልኝ» አልኳት። ዕድሜዋ ከእናቴ ስለሚበልጥ ሁላችንም አዴ ነበር የምንላት። ኦሮምኛዋን፣ ሶማልኛዋንና አማርኛዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትቀላቅላቸዋለች። በብብቷ እያቀፈች ይዛው ሄደች። የት እንደምታደርሰው አልጠየቅኳትም፤ ቆሻሻ ነዋ!

በሁለተኛው ሳምንት እኔና ጋሼ ወደ ፖለቲካ ኃላፊው ቢሮ ተጠራን። ቢሮው እንደ ምጣድ ይጋላል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ ከጎኑ ደግሞ ዳርና ዳሩ ቀዳዳ ያለው፣ ዘይት የጠጣ ቁራጭ ወረቀት ተቀምጧል። ማሽኑ ያተመው ነው። አንዳንዱ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል።

«ይህ የተገኘው ቀፊራ ገበያ ነው» አለ። «ሳምቡሳ ተጠቅልሎበት።» ማን ሳምቡሳ ሊበላ ቀፊራ እንደሄደ አልተናገረም፤ ከንፈሩ ግን ትንሽ ያብለጨልጭ ነበር። «ጓዲት፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?»

አነበብኩለት። «ሥራ ቁጥር አሥራ አራት ተገደለ።»

«ማን ነው የተገደለው?»

«ሰው አይደለም ጓድ። ማሽኑ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው።»

«ማን ገደለው?»

«እኔ» አልኩ።

ብዕሩን አነሳ። «ለምን?»

«አልንቀሳቀስ አለ። ሌሎቹንም አላሠራ አላቸው።»

«በማን ፈቃድ?»

«ለዚህ እኮ ፈቃድ አያስፈልግም ጓድ» አሉ ጋሼ፣ «በየቀኑ የሚደረግ…» ብለው ጀምረው አፋቸው ላይ ያለውን ሰሙትና አቆሙ።

ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ከሦስታችን የሳቀ አልነበረም። «ተገደለ» የምትለው ቃል በከተማችን እንዲሁ የሚጫወቱባት ቃል አልነበረችም። ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ካለው ቤት ሁለት ወንድማማቾች ወጥተው አልተመለሱም፤ እናታቸው እስከዚያ ቀን ድረስ በሩን ቆልፋ አታድርም ነበር። ጋሼ በመሐረብ አንገታቸውን ይጠርጋሉ።

«ወረቀቱን ለሳምቡሳ ሻጭ የሰጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ወደ ቆሻሻ ያስጣልኩት» አልኩ። የአዴን ስም አላነሳሁም። ዘይቱ የማን እጅ እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ፤ እህቷ ቀፊራ ሳምቡሳ እንደምትጠብስ ያን ቀን ትዝ አለኝ።

በሂስ አለፍን። ውሳኔው ከዚያ ወዲያ አንዲት ወረቀት እንዳትጣል፣ ሁሉም እየታሰረ «ምስጢር» የሚል ማኅተም ተመቶበት መጋዘን እንዲገባ ነበር። ፋይል መከፈቱና መዘጋቱ የመንግሥት ምስጢር ሆነ።

በማግስቱ አዴ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ኢንተሎ፣ ልጄ፣ ወረቀቱስ? እህቴ በምን ትጠቅልል?»

«ምስጢር ሆኗል አዴ።»

«ወላሂ ደህና ወረቀት ነበር» አለች በሐዘን። «ዘይት ይመጥጣል።»

ማኅተሙን እየመታን አንድ ወር ያህል ሄድን። ከዚያ ወረቀት አለቀ። ወረቀቱ የሚመጣው ከጂቡቲ በባቡር ነው፤ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅበት ቀንም እንደ ባቡሩ ነበር። ማሽኑም የሚናገርበት ወረቀት ሲያጣ ሥራ አቆመ። በግቢያችን የተሰለፉት መኪኖች በሩን አልፈው መንገዱን ያዙ። አንድ ከአሰብ የመጣ ሾፌር፣ ሽርጡን እንዳገለደመ ገብቶ በጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈ።

«አቦ! ለአንዲት ብሎን ሦስት ቀን! ማሽኑ ምን ነካው?»

«ወረቀት አልቆበት ነው።»

«እኔ ወረቀት ጠየቅኩሽ እንዴ? ብሎን ስጪኝ!»

ጋሼ ተነሡ። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወደዚያ እሳት ወጡና ሰውየውን ወደ መጋዘኑ ይዘውት ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ሾፌሩ ብሎኑን ጨብጦ በግቢው ውስጥ ለሌሎቹ ሲያሳይ በመስኮት አየሁት። ከዚያ በኋላ ሌላው ተነሣ፣ ከእሱ በኋላም ሌላው። ያን ቀን ድርጅቱ የሠራው በአንድ ሰው ጭንቅላት ነው።

በምሳ ሰዓት፣ ከተማው በየቤቱ ጋደም ሲል፣ እኔና ጋሼ ወደ ቤት አልሄድንም። ማንዋሉን ከፊቴ ዘርግቼ እገልጣለሁ።

«ደረጃውን ዝቅ ማድረግ አይቻልም» አሉ። «በየቀኑ እየፈረምሽበት ነው። ሲጠየቅ አምስት ማለት አለበት።»

«አምስት ይበል፣ ጋሼ። የሚጽፍበትን ቦታ ግን መቀየር ይቻላል፤ ይኸው ገጹ።»

«ወዴት?»

«ወደየትም።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«የምሬን ነው። የሌለ ማተሚያ ነው። ማሽኑ ይጽፍለታል፣ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ማሽኑ ግን የጻፈ ይመስለዋል።»

«እንዲህ ያለ ነገር ፈረንጅም አለው?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። «በይ ጻፊው።»

ጻፍኩት። ማሽኑ ወዲያው ተነሣ።

በማግስቱ ጠዋት ትእዛዜን ሰጠሁ። ዲስክ አምስት፣ ቴፕ አምስት፣ ስክሪኖች አምስት፣ ማተሚያ አምስት። አንዲት ውሸት የሌለበት ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ጻፍኩ። የሾፌሮቹ ሰልፍ በሁለት ቀን ጠፋ። የፖለቲካ ኃላፊው በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ አገልግሎቱ የተፋጠነው ደረጃውን አምስት በማድረጋችን እንደሆነ ገለጸ፤ አጨበጨብን። ለእኔም ለዕለት ተዕለት ንቃቴ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ። እናቴ በመስታወት አስገጥማ ሳሎን ሰቀለችው።

ወራት አለፉ። እኔ በየጠዋቱ አምስት መሆኑን አያለሁ፣ እፈርማለሁ። ስለማሽኑ ደኅና መሆን የማውቀው ነገር ቢኖር ቁጥሯን ብቻ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ማስጠንቀቂያዎቹን ብቻ ለይተን የሆነ ቦታ ላይ እናስቀምጣቸው የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ያውቃል። ነገ ብዬ ተውኩት። ነገሩ ሰላም ሆኖ ሳለ ማን ይነካካዋል?

አንድ ረቡዕ ጠዋት ዲስኩ ብረት የሚፋቅ የሚመስል ድምፅ አሰማና ዝም አለ። የመለዋወጫው ዝርዝር በሙሉ እዚያ ላይ ነበር። በቴፕ የቀዳነው ቅጂ አሮጌ ነው፤ አዲስ ቴፕ ካገኘን ቆይተን ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ መሐንዲስ ተላከ፤ ጸጥ ያለ፣ ሻይ እንኳ የማይጠጣ ሰው። ዲስኩን ፈታው፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«እንዲህ ያለ ዲስክ ድንገት አይሞትም» አለ፣ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅና የፖለቲካ ኃላፊው ባሉበት። «ሳምንታት ሙሉ ያስጠነቅቃል። መዝገቡን አምጡልኝ። ደረጃው ስንት ላይ ነበር?»

«አምስት!» አለ የፖለቲካ ኃላፊው በኩራት። «በየቀኑ ተረጋግጧል።» ደብዳቤዎቼ የታሰሩበትን ወፍራም ፋይል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

መሐንዲሱ ሁለቱን አነበበና ወደ እኔ ዞረ። «ደረጃውን አይተሻል። መዝገቡንስ አይተሻል?»

ዲስኩ ስንት ቀን ሙሉ «አመመኝ» ሲል እንደከረመ፣ የሚሰማው እንዳይኖር ያደረግሁትም እኔ እንደሆንኩ ባንዴ ገባኝ። ልናገር አፌን ስከፍት የጋሼን ድምፅ ሰማሁ።

«መዝገብ የለም» አሉ። «የትም እንዳይጻፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።»

ዝም አልኩ። ይህንን ነው እስከ ዛሬ የምቆጨው። ዝምታዬ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሆንም፤ ግን በቂ ነበር።

እንደዚያን ጊዜው ፍርድ ከሆነ ጋሼ ዕድለኛ ናቸው፤ አልታሰሩም። ሥራ አስኪያጁ «ቸልተኝነት» የሚለውን ቃል አስጽፎ «ሻጥር» ከሚለው ከከፋው ቃል አዳናቸው። ከኮምፒዩተር ክፍሉ ተነሥተው ወደ ድሮ መጋዘናቸው ተመለሱ። የፖለቲካ ኃላፊው በንቃቱ ቸልተኝነትን አጋልጧል ተብሎ ሐረር ወዳለው የክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት አደገ። እኛ የቀረነው፣ አሠራሩን ለመረዳት ይመጡ የነበሩት ሁሉ ሳይቀሩ፣ ሦስት ሳምንት በዚያ ሙቀት መደርደሪያ ለመደርደሪያ እየዞርን ብሎንና ፊልትሮ አዲስ ካርድ ላይ መዘገብን።

አንድ ቀን ጋሼን መጋዘኑ ውስጥ ለብቻቸው አገኘኋቸው። በከናቴራ ነበሩ።

«ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደዚያ አሉ?»

«አንቺ ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነው። የኔ ልጆች ራሳቸውን ችለዋል።» ካርዳቸውን እየጻፉ ነበር የሚያወሩኝ። «ደግሞስ ያን አምስት በጣቱ የጻፈው ማን ሆነና? አይሆንም ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። አላልኩም።»

አለቀስኩ።

«ወደዚያ ዞረሽ አልቅሺ» አሉኝ። «ካርዱ ይርሳል።»

አዲሱ ዲስክ ከወራት በኋላ መጣ። ደረጃውን ሁለት ላይ አደረግሁት፤ የሚጽፈውንም በየጠዋቱ መስመር በመስመር ማንበብ ጀመርኩ። አዲሱ የፖለቲካ ኃላፊ የዕለቱ ደብዳቤ እንዳይቋረጥ አዘዘ። «ደረጃው ሁለት መሆኑ ተረጋግጧል» ብዬ በሦስት ቅጂ ሰጠሁት። ሳያነብ ፋይል አደረገው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከመጋዘኑ አልወጡም፤ ብዙ ጊዜ ብጋብዛቸውም ወደ እኔ ክፍል ብቅ አላሉም። ሾፌሮቹም እየቆየ እኔን መጠየቅ ትተው በቀጥታ ወደ እሳቸው መሄድ ለመዱ። ትክክል ነበሩ።